ቆዳ ያልመጣላቸው በሬዎች

«ሃይ! ሃይ! አንቺ ቦቃ፣ ወዴት ነው!»

ጁወይሪያ ከፊት ትጮኻለች፣ እኔ ከኋላ አቧራ እበላለሁ። ከቆቦ በታች፣ በረሃው ከሚጀምርበት ቀዬ ጎህ ሲቀድ የነዳናቸው አሥራ አምስት ከብቶች ረፋዱ ላይ ምላሳቸውን አውጥተው ነበር። ዕለቱ ሐምሌ አሥራ አንድ፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ስምንት ነው። እኛ የላስታ ደገኞች ሐምሌ ሲባል ትዝ የሚለን ጭቃና ጋቢ ነው፤ እዚያ ታች ግን ሐምሌ ማለት እሳት ነው። አሸዋው በኮንጎ ጫማዬ ዘልቆ እግሬን ይጠብሰኛል። ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነው። ሰማዩ ከመንጣቱ የተነሣ ቀና ብሎ ማየት አይቻልም። ጁወይሪያ ከማለዳ ጀምሮ «ይኼ ወበቅ ለደህና አይደለም፣ ዛሬ ዝናብ አለ» ትላለች። እኔ ደግሞ አምና ክረምቱን ሙሉ ሰማይ ሳይ የከረምኩ ሰው ነኝና ስለ ዝናብ ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

አባቷ አብዬ መሐመድኑር በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መሐል ላይ ይሄዳሉ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ከብዷል፤ ጉልበታቸው ግን እኔን ያስንቃል። በየመሐሉ ዞር ይሉና «አልጣሽዬ፣ ደከመሽ? አብሽሪ፣ ደርሰናል» ይሉኛል። እኔ አልመልስላቸውም። ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድም ደህና ቃል አልመለስኩላቸውም። እንግዳ ናትና ያኮረፈችበትን አልጠይቅም ብለው ነው መሰለኝ ዝም ብለው ይችሉኛል። እሱ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለት ሺህ ሰባት ክረምቱ ቀረ። ከኩልመስክ በላይ ያለችው መንደራችን ገብሷን ሳታይ መስከረም ጠባ። የመንደሩ ሰው መከረና የተረፉትን አሥራ ዘጠኝ ከብቶች ለአብዬ መሐመድኑር በአደራ ሰጠ። እሳቸው በጉድጓድ ውሃ የሚያጠጡት መሬት አላቸው፤ የማሽላ አገዳ አይጠፋም። ደግሞ ለኛ ቤት ባዕድ አይደሉም። በሰባ ሰባት አባቴና እናቴ እኛን ይዘው ወደ ቆላ ሲሰደዱ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወንድሜ ደሳለ ገና አራስ ነበር፤ የእናቴ ጡት ደርቆ ነበር። የአብዬ ባለቤት ሂንድ፣ ነፍሷን ይማር፣ ጁወይሪያን በአንዱ ጡት፣ ደሳለን በሌላው ይዛ አሳደገች። ስለዚህ ደሳለ የሳቸው የጡት ልጅ ነው። በሁለቱ አገር መካከል መልእክት የሚያመላልሰውም እሱ ነበር።

ታዲያ ደሳለ የካቲት ላይ ከብቶቹን ለማየት ወረደ። ሲመለስ ሚካኤል ደጅ ላይ ሰው ሰብስቦ አራት በሬ በሐሩሩ ሞቷል ብሎ ተናገረ። አንዱ የኔ ዳማ ነው። አንዱ የገለቴ ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ ከዚያ በሬ በቀር ምንም የሌላት ሴት።

በኛ አገር ከብት በአደራ የተቀበለ ሰው፣ ከብቱ ቢሞትበት ቆዳውን ገፎ ለባለቤቱ ያመጣል። ባለቤቱ ቆዳውን ዘርግቶ ምልክቱን ያያል፤ «እግዜር ያመጣው ነው» ይላል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቆዳው ካልመጣ ግን ከብቱ አልሞተም። ወይ ተበልቷል፣ ወይ ተሸጧል። ያን ሰው አደራ በላ ይሉታል፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ የሚገባ፣ ለቅሶው የሚደርስ አያገኝም።

«ቆዳቸውስ?» ብለው ቄሰ ገበዝ ወልደ ኪዳን ደሳለን ጠየቁት።

«አላሳዩኝም። እኔ ምን ብዬ ልያዛቸው? አባቴ ናቸው» አለና አቀረቀረ። ለስላሳ ነው የኔ ወንድም! መንደሩ በሙሉ አዘነለት።

እኔ አላዘንኩም፤ ተቃጠልኩ። ዝናቡ ዘንድሮ እሰይ ተብሎ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ሲያርስ እኔ በዶማ ስቆፍር ከረምኩ። መዳፌ እስከ ዛሬ ጠባሳ አለው። ሽማግሌዎቹ «ለሐምሌ ሚካኤል ከብቱንም ቆዳውንም ይዘው ይውጡ፤ ቆዳ ከሌለ በሰው ፊት ይጠየቃሉ» ብለው በደሳለ በኩል ሲልኩ፣ እኔ እስከዚያ መቆየት አቃተኝ። ለደሳለ ፍላቂት አክስታችን ይማርሽ ቤት ለዘር ገብስ እሄዳለሁ አልኩት። ብነግረው «ነገር ታበላሺያለሽ» ብሎ ያስቀረኛል። ከፍላቂት በሚኒባስ ወልድያ፣ ከወልድያ ቆቦ። የመጣሁት ለጠብ ነው። ግን ገና በራፉ ላይ ሳሙኝ፣ እግሬን አጠቡኝ፣ የራሳቸውን መኝታ ለቀቁልኝ፤ አፌ ተያዘ። በነጋታው አብሬያቸው ከብት መንዳት ጀመርኩ።

ቀትር ላይ ገደሉ አፍ ደረስን።

ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣው አጭሩ መንገድ በደረቁ ወንዝ ውስጥ ነው። ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ቋጥኝ፣ ወለሉ አሸዋ፣ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ፤ ከገቡ በኋላ መውጫ የለውም። በጋራው በኩልም መንገድ አለ፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ ጠብታ ውሃ የለውም፣ በዚያ ሐሩር ከብት አይዘልቀውም። የገደሉ ክፋት ደራሹ ነው። ታች ፀሐይ እያነደደ ላይ ደጋው ላይ ዝናብ ይጥላል፤ ተራራው ስለሚጋርድ ደመናው አይታይም፤ ውሃው ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ ደንብ አለ፤ የላይኛው ሰው የተራራው በር ላይ ወጥቶ ሰማዩን አይቶ «ግቡ» ሳይል የታችኛው ሰው ወደ ገደሉ አይገባም። ዱሮ በጥይት ነበር፤ ሁለት ጥይት ከተተኮሰ ግቡ ማለት ነው። አሁን በሞባይል ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በሁለቱ ቤት መካከል ይኼ ቃል አንድ ጊዜም አልተሳሳተም። ዛሬ ከላይ ሆኖ የሚናገረው ደሳለ ነው።

ኔትወርክ የሚገኘው ገደሉ አፍ ላይ ካለችው ግራር ሥር ብቻ ነው። ጁወይሪያ፣ ከመጀመሪያው መታጠፊያ ወዲያ አሸዋ ሲጫር ውሃ የሚወጣበት፣ ያለ ጥሪም የሚደረስበት ቦታ አለና፣ «ጥሪው እስኪመጣ ላጠጣቸው» ብላ ቢጫ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ከብቶቹን ይዛ ገባች። እኔና አብዬ ብቻችንን ግራሯ ሥር ቀረን። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። እሳቸው ሁለት ሲም የሚይዘውን ትልቅ ሞባይላቸውን ከሽርጣቸው ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ያኔ ፈነዳሁ።

«አብዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ!»

«ጠይቂ ልጄ።»

«የዳማ ቆዳ የታለ?»

ጆሯቸውን ወደኔ አዘነበሉ። «የምን ጓዳ?»

«ቆዳ! ቆዳ! የበሬዬ ቆዳ! የአራቱም በሬዎች ቆዳ!»

ዓይናቸው ፈጠጠ። «ዳማ ሞተ እንዴ? ያረቢ! መቼ? ምን ነካው? ደሳለ ይዞት ሲወጣ ድንጋይ የሚገለብጥ በሬ ነበር!»

«ይዞት ሲወጣ?»

«የካቲት ላይ ነዋ። ‹በልግ ሊታረስ ነው፣ ባለቤቶቹ አራቱን ይፈልጓቸዋል› አለኝ። ባይሆን ሁለት ቀን ላብላቸው፣ መንገድ አለባቸው ብዬ ነው ያቆየሁት። ምነው? ሳትቀበሉት ቀራችሁ?»

ሳልቀበል ቀረሁ ወይ! የሽማግሌውን ፊት አየሁት። ውሸት የሚያወራ ሰው ፊት አይደለም። የካቲት ላይ ደሳለ አዲስ ጃኬት ለብሶ እንደመጣ፣ «ወልድያ ወዳጅ አለበሰኝ» እንዳለኝ፣ እኔም «እሰይ፣ ሰው ያለው ሰው» ብዬ እንደመረቅኩት ትዝ አለኝ። አምስት ወር ሙሉ ይኼን ሽማግሌ ረግሜ ነበር። በሚካኤል ስም ረግሜአቸዋለሁ።

«አብዬ፣ ደሳለ የነገረን...» ብዬ ስጀምር ስልኩ ጮኸ።

«እሱ ነው!» አሉና ሰጡኝ። «ድምፁን ክፈቺው፣ እኔ አልሰማም።»

እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። የወንድሜ ድምፅ ግራሯን ሞላት።

«አብዬ! ይሰማል?»

«ይሰማል ልጄ! ጩኽ!»

«ግቡ! መንገዱ ደህና ነው። በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ አንድ ፍንጣቂ ደመና የለም! ቶሎ ግቡ!»

ከድምፁ ጀርባ የሚያጓራ ነገር አለ። መጀመሪያ ኔትወርኩ መሰለኝ። ቀጥሎ አወቅሁት። የቤታችን ቆርቆሮ ነው። ገብሴን ሸጬ እኔው ራሴ ያስመታሁት ቆርቆሮ! ከባድ ዝናብ ሲወርድበት ሰውና ሰው አይሰማማም፤ በክረምት ከደሳለ ጋር እየተጯጯህን ነው ራት የምንበላው። ወንድሜ በሩ ላይ አልቆመም። ቤታችን ውስጥ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሥር ቆሞ ነው «ፀሐይ ነው» የሚለው። ከመሐል አንድ ነጎድጓድ ጓ! ሲል ዝም አለ፤ እንደገና «ግቡ» አለና ዘጋው።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው አብዬ ብድግ አሉ። ነጎድጓዱን አልሰሙም። «ለሚካኤላችሁ እንደርሳለን።»

በትራቸውን አንስተው ወደ አሸዋው ወረዱ። እኔስ? አልዋሻችሁም፣ ጥቂት ቆሜያለሁ። አንድ እናት ያጠባችን... እሷ እንኳ አላጠባችውም፤ ያጠባችው የሳቸው ሚስት ናት። ቢሆንም ወንድሜ ነው። ከተናገርኩ ቤታችን አለቀ፤ ሌባ ብቻ ሳይሆን ነፍሰ ገዳይ የወጣበት ቤት ሊባል ነው። ይኼን ሳስብ እሳቸው ስምንት ዘጠኝ እርምጃ ገብተዋል። ይቅር ይበለኝ።

«አብዬ! አይግቡ! እዚያ ዝናብ ነው!»

ዞሩ። «ማን አለ?»

«ሰማሁት! ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በስልኩ ሰማሁት!»

«እሱ ፀሐይ ነው አለ እኮ።»

«ይዋሻል! በሬዎቹንም እሱ ነው የሸጣቸው፤ ሞቱ ብሎናል፤ እርስዎን አደራ በላ አስብሎዎታል! ነገ ከብቱ መንደር ከገባና እርስዎ አፍ ከከፈቱ አለቀለት። ገባዎት?»

ገባቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለ በሬው ነገ በሰው ፊት ይጠየቃል። ሊሸጥም ይችላል፣ ችግር ነበር፣ ልጅ ያጠፋል። ይኼ ግን ሌላ ነው ልጄ። ‹ግቡ› ብሎ እኮ ነው። ይኼን ማንም አይዋሽም። ከቆምኩ ሊገድለኝ ፈልጓል ማለቴ ነው። ልጄን ሊገድለኝ ነው አልልም ወላሂ!» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ወይ የሰው ነገር! ደንቡ ያሳደጋቸው ሰው፣ በደንቡ ሊሞቱ ነው። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። መልሼ ደወልኩና ወደ ሳቸው እየሮጥኩ ወደ ጆሯቸው ዘረጋሁት።

«አቤት አብዬ!» አለ ደሳለ።

«እኔ ነኝ።»

ዝናቡ ብቻ ያጓራል።

«አልጣሽ? ፍላቂት አይደለሽም እንዴ? የት ነሽ?»

«ከአብዬ ጋር ነኝ። ገደሉ አፍ ላይ። ፀሐይ ነው አልክ አይደል? እኔም አብሬ ልግባ?»

ስልኩን ከአብዬ ጆሮ ሳላርቅ ደገምኩለት።

«ደሳለ፣ ልግባ ወይ? ተናገር!»

«አንቺ ቆዪ» አለ። «አንቺ አትግቢ። አልጣሽ፣ በናታችን፣ አንቺ ብቻ ከዚያ ውጪ።»

አብዬ ቆመው ነበር። በዚያ በከበደ ጆሯቸው እያንዳንዱን ቃል ሰሙ። እኔን አላዩኝም፤ ስልኩን አዩት።

«ጁወይሪያስ?» አልኩት። «የጡት እህትህስ? እሷ ውስጥ ናት እኮ!»

ዘጋው።

ያኔ ነው ከገደሉ ውስጥ ቀዝቃዛ ነፋስ የመጣው። በዚያ እሳት ውስጥ ቀዝቃዛ ነፋስ! እርጥብ አፈር ይሸታል። አብዬ በትራቸውን ጥለው ወደ ውስጥ ሮጡ፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው የት እንደገባ እንጃ። «ጁወይሪያ! ደራሽ! ደራሽ!» ይላሉ። እኔም ተከትዬ እጮኻለሁ። ከመታጠፊያው ሳንደርስ ቦቃ ብቅ አለች፣ ቀጥሎ ሁለቱ ቀይ ላሞች። ከብቶቹ ከኛ በፊት ሰምተዋል፤ ጭራቸውን ሰቅለው ይጋልባሉ። ከኋላቸው ጁወይሪያ ባዶ እግሯን፣ ሻርፗን ትታ፣ አንዲት የምታነክስ ጊደር ቂጥ ቂጧን እየገረፈች ትመጣለች።

«ተዪያት! ልቀቂያት!» አሏት አባቷ።

«የሰው አደራ ናት አባ!»

«ልቀቂያት አልኩሽ!» ብለው ክንዷን ይዘው ጎተቷት። በግራሯ በኩል ያለውን ዳገት በአራት እግራችን ነው የወጣነው፤ ከብቶቹ እየረገጡን።

መጣ። መጀመሪያ ድምፁ፣ መኪና ሙሉ ድንጋይ የሚገለበጥ የሚመስል ድምፅ፤ ቀጥሎ ራሱ። ውሃ አይመስልም፤ ግንድና ቋጥኝ የሚገፋ ቀይ ጭቃ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ፣ ከዳር እስከ ዳር። ጊደሯ አንድ ጊዜ ቀንዷ ታየኝ፤ ሁለተኛ አላየኋትም። የቆምንበት አሸዋ፣ የአብዬ በትር፣ የጁወይሪያ ጀሪካን፣ ሁሉም ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ደመናው ራሱ ተራራውን ተሻግሮ በላያችን መጣና ያን ነጭ ሰማይ አጠቆረው። መብረቁ በረሃውን እስከ ዳር ያበራዋል፤ ጠብታው ትኩስ አሸዋ ላይ ሲያርፍ ይጨሳል። ጁወይሪያ ከብት ትቆጥራለች። አሥራ አራት። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

«ማን ነው ግቡ ያለን?» አለች። ካየችን በኋላ ሁለተኛ አልጠየቀችም።

አብዬ ዝናቡ እየወረደባቸው ግራሯን ተደግፈው ተቀመጡ። እያለቀሱ እንደሆነ ወይ ዝናብ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ከንዴቴ ጋር አለቀስኩ። ገንዘቤን ቢሰርቀኝ እምለው ነበረኝ። በሬዬን ሸጠ፣ እሺ፤ ሐሰት ነገረኝ፣ እሺ። እኔን አድኖ እነሱን ለውሃ መስጠቱን ግን የት ላድርገው? ‹አንቺ ቆዪ› ያለኝ በፍቅር ነው እኮ! ያ ፍቅሩ ነው ያስጠላኝ።

ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ። ከነጠላዬ ሥር አድርጌ ከፈትኩት፤ ድምፁ እንደተከፈተ ነው።

«አልጣሽ! አለሽ? ደህና ነሽ?»

«አለሁ።»

«አብዬስ? ... ገቡ?»

አብዬን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ።

«ገብተው ነበር» አልኩት። ውሸት አልነበረም።

ከዚያ ጮኸ። «አባቴን! አባቴን! ወገኖቼ ድረሱልኝ፣ አባቴን ውሃ በላብኝ!» በር ሲከፈት ሰማሁ፤ የጎረቤት ሴቶች ድምፅ ተቀላቀለ፣ አንዷ እዬዬ አለች፤ ደሳለ ደረቱን ሲደቃ ጓ ጓ የሚለው በስልኩ ይሰማል። ያጠባችውን ሂንድን እየጠራ ነበር፤ «አደራሽን፣ እማ ሂንድ፣ አደራሽን» ይላል። እኔም፣ ጁወይሪያም፣ አብዬም ዝናብ ላይ ተቀምጠን አዳመጥነው። አልዘጋሁትም። መዝጋት አልቻልኩም።

«አልጣሽ» አሉኝ አብዬ ቀስ ብለው፣ «አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ይኼ ለቅሶ የእውነቱ ነው?»

ደግሜ ሰማሁት። አስመሳይ ቢሆን በቀለለኝ ነበር።

«የእውነቱ ነው አብዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መሬቱን ተመርኩዘው ተነሡና ወደ ጋራው መንገድ አዩ፤ በየቋጥኙ ሥር ውሃ ተጠራቅሞ ነበር፤ ከብቱ አሁን ይዘልቀዋል።

«ጁወይሪያ፣ ከብቱን ሰብስቢ» አሉ። «እስከ ነገ ማታ እንደርሳለን። ልጄ አባቱ ሞቶበታል፤ ለቅሶውን ሳልደርስ አልቀርም።»